ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ‹‹በሕግ አምላክ›› ሲባል ይቆማል?

ካዛንቺስ ውስጥ ወደ ትልቅ ሆቴል ወይም ወደ ባንክ ለመግባት የሚፈልግ ተራ ሰው እጁን ዘርግቶ መቆም ከለመደ ቆይቷል። ቦርሳው ይከፈታል፤ ኪሱ ይዳበሳል፤ የቀበቶው ብረት ከጮኸ ‹‹ምንድነው ይሄ?›› ተብሎ ይጠየቃል። እሺ ይሁን፣ ለደኅንነታችን ነው ብለን ተቀብለነዋል። ከኋላችን ግን ጃኬቱ በቀኝ በኩል አበጥ ያለ ሰው ይመጣል። ፈታሹ ያየዋል፤ ሰውየውም ፈታሹን ያየዋል። ቃል ሳይለዋወጡ ሰውየው ያልፋል። ፈታሹ የወር ደሞዝተኛ ነው። ‹‹ፈቃድህን አሳየኝ›› ቢል ማን ከጎኑ እንደሚቆም አያውቅም። ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ ቀጣዩን ሰው ይፈትሻል። ቀጣዩ ሰው እንግዲህ እኔና እርስዎ ነን፣ ውድ አንባቢ።

ለመሆኑ ያ ጃኬት ሥር ያለ ሽጉጥ ተጠሪነቱ ለማን ነው? ለፌዴራሉ ነው? ለከተማው አስተዳደር ነው? ለክፍለ ከተማው ነው? ወይስ ለታጠቀው ሰውዬ ብቻ? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሰው የመሣሪያን ጉዳይ በጋዜጣ ብቻ አላነበበውም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ በመቶ ሺዎች በተሰበሰቡበት ሰልፍ ቦምብ ፈንድቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ከመቶ በላይ ሰው ቆስሏል። ወር ገደማ ቆይቶ ሐምሌ 19 ቀን፣ በዚያው አደባባይ፣ የህዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በመኪናቸው ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። ፖሊስ ጳጉሜን ውስጥ ራሳቸውን አጥፍተዋል ሲል የምርመራውን ውጤት ተናገረ። አንዱ የቦምብ ጉዳይ ነው፣ ሌላው የሽጉጥ፤ ነገራቸውም የተለያየ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን ከሁለቱም አንድ ነገር ቀርቶበታል። አጠገቡ ያለው ሰው ምን እንደያዘ አያውቅም።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥታችን በዚህ ጉዳይ ላይ አጭር ነው። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 21 የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። አለቀ። ክልልም ሆነ ከተማ የራሱን የመሣሪያ ሕግ ያወጣል የሚል ነገር የለም። ዜጋም መሣሪያ የመያዝ መብት አለው የሚል የለም። መሣሪያ በኛ አገር ሕግ መብት ሳይሆን ፈቃድ ነው። በዚህ ሥልጣን መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አጸደቀ። ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ሆነ። ግለሰብ ምን ዓይነትና ስንት መሣሪያ መያዝ እንደሚችል ተወሰነ።

አዋጁ በጸደቀበት ጊዜ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የተናገረውን ቁጥር ልብ ይበሉልኝ። በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ተያዙ ከተባሉት መሣሪያዎች መካከል ረጃጅም ጠመንጃዎቹ 275 ነበሩ። ሽጉጦቹስ? ከ33 ሺህ በላይ! ይህ ቁጥር የሚነግረን ትልቅ ነገር አለ። ድሮ መሣሪያ ማለት ትከሻ ላይ የሚታይ ነገር ነበር። ባላገሩ ምንሽሩን አንግቶ ገበያ ሲወጣ ማንነቱ ከሩቅ ይታወቃል፤ የሚፈራው ይፈራዋል፣ የሚያከብረው ያከብረዋል። ዛሬ በኮንትሮባንድ የሚገባው ግን ለመደበቅ የተሠራው ነው። ሽጉጥ የከተማ መሣሪያ ነው። ከሸሚዝ ሥር ይገባል፣ ከመኪና ወንበር ሥር ይገባል፣ ከሴት ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የማይታየው መሣሪያ በየት በኩል ወደየት እንደሚሄድ ከማንም በላይ የሚያሳስበው ደግሞ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ የሚኖርበትን ከተማ ነው።

እንግዲህ ከተማው ምን አደረገ? ወደ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. እንመለስ። ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰበት ወቅት ነበር። በዚያ ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሰላምና ጸጥታ ቢሮ መሣሪያ ያለው ነዋሪ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብና አካባቢውን ለመጠበቅ እንዲዘጋጅ ጥሪ አቀረበ። ሁለት ቀን! የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። ከዚህም ሌላ፣ መሣሪያ ኖሮት አካባቢውን በመጠበቅ መሳተፍ የማይችል ሰው መሣሪያውን ለመንግሥት፣ አለዚያም ለቅርብ ዘመዱ ወይም ለወዳጁ እንዲሰጥ ተመከረ።

ቆይ እንጂ! ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው አዋጅ ለሦስተኛ ወገን መሣሪያ ይዞ ማቆየትን ይከለክላል ተብሎ ተነግሮን አልነበረም እንዴ? ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውየው በስሙ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም ተብለን አልነበረም? ታዲያ ‹‹ለዘመድህ ስጠው›› የሚለው ምክር ከየትኛው ሕግ የተቀዳ ነው? ጊዜው የጭንቅ ነበር፤ በጭንቅ ጊዜ የሚወጣ መመሪያ በቀና ዘመን ሚዛን አይለካም የሚል ይኖራል። እሺ፣ አይለካ። ግን የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ተነሥቷል። አዋጁ ሲነሣ ለወንድም፣ ለአጎት፣ ለጓደኛ የተሰጠው ሽጉጥ አብሮ ተነሣ? ያስመዘገቡት ሰዎች በየትኛው ሕግ ነው ባለመሣሪያ የሆኑት? በፌዴራሉ አዋጅ ወይስ በከተማው ጥሪ? ሁለቱ ቢጋጩ የቂርቆስ ነዋሪ የትኛውን ይሰማል?

እዚህ ላይ ነው የነገሬ መነሻ። የሕግ አስፈጻሚዎቹ ሲጋጩ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ሥልጣን ላይ ሲቆርስ፣ ‹‹ይህ የማን ሥልጣን ነው?›› ብሎ በግልጽ ችሎት የሚጠይቅ አካል አላየንም። ከተማው አልጠየቀም። የከተማው ምክር ቤት አልጠየቀም። ፌዴራሉም ‹‹ሥልጣኔን ነካህ›› ብሎ ከተማውን አልከሰሰም። ሁሉም ተስማምቶ ነው እንዳይባል፣ ስምምነቱን ያነበበ የለም። ሁሉም ዝም ብሎ ነው። የኛ አገር መንግሥታዊ ጠብ ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ዝምታ፣ ወይ ተኩስ።

በሌላው ዓለም እንዴት ነው? በመሣሪያ ብዛት ስሟ የሚነሣውን አሜሪካን እንይ። አሜሪካ ለመሣሪያ ቁጥጥር አርአያ ትሁን ማለቴ አይደለም፤ ሰው እንዳይስቅብኝ። እዚያ ማዶ መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት ነው፤ በየጊዜውም ተማሪ በክፍሉ ውስጥ ሲገደል እንሰማለን። እኔ የማየው ጠመንጃቸውን ሳይሆን ክርክራቸውን ነው።

ፍሎሪዳ የሚባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ1987 ሽጉጥን በልብስ ሸፍኖ ለመያዝ የሚያስችል ፈቃድ በቀላሉ እንዲገኝ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት በግዛቱ ውስጥ ያሉ ከተሞች የራሳቸውን የመሣሪያ ደንብ እንዳያወጡ ከለከለ። ይህ አልበቃ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 ቅጣት ጨመረ። ክልከላውን ጥሶ ደንብ ያወጣ የከተማ ሹም እስከ 5 ሺህ ዶላር ከገዛ ኪሱ ይቀጣል፤ የግዛቱ ገዥም ከሥልጣን ሊያነሣው ይችላል ተባለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018 ፓርክላንድ በተባለች ከተማ አንድ ወጣት ትምህርት ቤት ገብቶ 17 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ከተሞች ተሰባስበው ግዛቱን ከሰሱት። ‹‹ሕዝባችን መረጠን፤ ሕዝባችን ስለ ልጆቹ ደኅንነት ሲጠይቀን ደንብ አውጥተን ብንገኝ ልትቀጡን አትችሉም›› ነበር ክርክራቸው።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ለከተሞቹ ፈረደ። ግዛቱ ይግባኝ አለ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2021 ፍርዱን ገለበጠው። ጉዳዩ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በጃንዋሪ 2023 ከተሞቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተረቱ። በዚያው ዓመት ግዛቱ ሽጉጥ ሸፍኖ ለመያዝ ፈቃድ ማውጣትንም አስቀረው።

ኦሃዮ በተባለው ግዛትም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ክላይድ የምትባል ትንሽ ከተማ በመናፈሻዎቼ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው አለች። ግዛቱ የሰጠውን ፈቃድ የያዙ ሰዎች ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአራት ለሦስት ድምፅ ከተማዋን ረታት። ክሊቭላንድ የምትባለው ትልቋ ከተማ የመሣሪያ ሕግ በመላው ግዛት አንድ ይሁን የሚለውን ሕግ ራሱን ከሰሰች፤ እርሷም በ2010 ተሸነፈች።

‹‹ታዲያ ከተሞቹ ሁሉ ከተሸነፉ ምን አተረፉ?›› ይሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያተረፉት አንደኛ፣ በጽሑፍ የሰፈረ ምክንያት ነው። ዳኞቹ ለምን እንደፈረዱ በገጽ ላይ አስፍረዋል፤ በሐሳብ የተለዩትም ለምን እንደተለዩ ጽፈዋል። አራት ለሦስት ማለት እኮ አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ነገሩ ይገለበጥ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ ማንን እንደሚወቅስ ያውቃል። የከተማው ከንቲባ ‹‹እኔ ሞክሬያለሁ፣ የከለከለኝ እሱ ነው›› ብሎ ጣቱን ይቀስራል፤ በምርጫ ቀን ሰው የሚቀጣውን ይቀጣል። ሦስተኛና ትልቁ ነገር፣ ከተማና ግዛት በመሣሪያ ጉዳይ ተጣልተው አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። ተሸናፊው ፋይሉን አንጠልጥሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ዋና ከተማቸውን ዋሽንግተንን ደግሞ እንይ። እንደ አዲስ አበባ ሁሉ የክልል ወይም የግዛት አካል ያልሆነች፣ የፌዴራል መንግሥት መቀመጫ ናት። የከተማዋ አስተዳደር ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥን ከነዋሪው ቤት ከልክሎ ነበር። አንድ ሰው ይህንን ተቃወመ፤ ስሙ ዲክ ሄለር ይባላል። ሥራው ምን መሰለዎት? ጥበቃ! በፌዴራል ሕንፃ በር ላይ ሽጉጥ ታጥቆ የሚቆም ዘበኛ ነበር። ‹‹ሥራ ቦታ ታጥቄ መንግሥትን እጠብቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ራሴን እንዳልጠብቅ ለምን እከለከላለሁ?›› የሚል ነበር ክርክሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአምስት ለአራት ድምፅ ለዘበኛው ፈረደ፤ የከተማዋ ክልከላ ወደቀ። ፍርዱን ልንወደው ወይም ልንጠላው እንችላለን፤ እኔ በበኩሌ አልወደውም። ግን የኛውን የካዛንቺስ በር ላይ የሚቆም ፈታሽ ያስቡት። ያኛው ዘበኛ ዋና ከተማውን ከሶ ረታ፤ የኛው ‹‹ፈቃድህን አሳየኝ›› ለማለት እንኳ ምላሱ ይታሰራል። ልዩነቱ የጀግንነት አይደለም። ያኛው ከኋላው የሚሰማው ችሎት እንዳለ ያውቃል፤ የኛው አያውቅም።

‹‹እኛ አሜሪካ አይደለንም›› የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሹማምንቱ የውጭ ምሳሌ ሲጠቅማቸው ይጠቅሱታል፤ ሲጎዳቸው ‹‹ነባራዊ ሁኔታችን›› ይላሉ። ይሁን፣ በነባራዊ ሁኔታችን እንነጋገር።

የአዲስ አበባ ነገር ከመጀመሪያውም ጠመዝማዛ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ከተማዋ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው ይላል። ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠሪ! በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። ሕገ መንግሥቱን በሚተረጉመው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን፣ ወንበሩ የብሔር ብሔረሰቦች ስለሆነ፣ ከተማዋ እንደ ከተማ ወንበር የላትም። በአንቀጽ 83 መሠረት ደግሞ የሕገ መንግሥት ክርክርን የሚወስነው እሱ ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። አጣሪ ጉባኤ የሚባል 11 አባላት ያሉት አካል አለ፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው። ጉባኤው ያጣራል፣ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ በመሣሪያ ሥልጣን ጉዳይ አቤት ብትል፣ አቤቱታዋን የምታቀርበው ወንበር በሌላት ቤት ነው ማለት ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይኸ ነው።

በሩ ጭራሽ የለም ግን አልልም። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም አጣሪ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን ጠርቶ ሲያከራክር በቴሌቪዥን አይተናል። ቡና እየጠጣን ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጾች ተከራክረናል። በውጤቱ ያልተስማማ ብዙ ነበር፤ የሆነ ሆኖ በሩ መንግሥት ሲፈልገው እንደሚከፈት ያኔ ታይቷል። መንግሥት ሳይፈልገውስ? ለዚህ የ1997ቱን ማስታወስ ነው። ግንቦት 7 ቀን ምርጫ ተካሄደ፤ በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍና ስብሰባ ከለከሉ። የጸጥታ ኃይሎችንም በአንድ ዕዝ ሥር አድርገው ተጠሪነቱን ለራሳቸው አደረጉ። ቅንጅት በከተማው ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ያሸነፈበት ምርጫ ነው። ቅንጅት ‹‹ይህ ክልከላ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም›› ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ አጣሪ ጉባኤው መራው። ጉባኤው የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ መለሰው። ከዚያ በኋላ በሰኔና በጥቅምት በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሆነውን ይህ ትውልድ አይረሳውም። የተዘጋው የችሎት በር ከተኩሱ ጋር በቀጥታ ይያያዛል ብዬ አልምልም። ግን በሩ ሲዘጋ ሰው የሚሄድበት ሌላ ቦታ አደባባዩ ብቻ ነው።

ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ በችሎት ካልተመለሰ የት እንደሚመለስ ከዚያ ወዲህም አይተናል። ሕገ መንግሥቱ ለክልሎች የሰጠው ፖሊስ የማቋቋም ሥልጣን ነው። ክልሎች ግን ከባድ መሣሪያ የታጠቀ ‹‹ልዩ ኃይል›› አቋቋሙ። ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም? ለዓመታት ማንም ወደ አጣሪ ጉባኤው አልወሰደውም፤ ፌዴራሉም እያየ ዝም አለ፣ አንዳንዴም ለጦርነት ተጠቀመበት። በመጋቢት መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአንድ መግለጫ ይፍረስ ተባለ። በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያልተከራከሩበት ሥልጣን ተተኮሰበት። የትግራዩም ጦርነት ቢሆን በምርጫ ሥልጣን ክርክር ጀምሮ ነው በመድፍ ያለቀው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ትጥቅ ስለ መፍታት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ‹‹መሣሪያችሁን አስመዝግባችሁ ተዘጋጁ›› ከተባለች ልክ አንድ ዓመት ሞልቶ፣ በዚያው ዕለት! ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል።

በሌላ በኩል ‹‹ለከተማው ሥልጣኑ ይሰጠው፣ ሰፈሩም ራሱን ይታጠቅ›› የሚሉ አሉ። እነዚህን በአክብሮት ወደ 1969 ዓ.ም. እንዲመለሱ እጠይቃለሁ። ደርግ ቀበሌዎችን አስታጠቀ። አብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ይዞ ከጎረቤቱ ደጃፍ ቆመ። በመጋቢት ወር ከተማው ቤት ለቤት ተፈተሸ፤ አሰሳ ይሉት ነበር። መሣሪያ ፍለጋ ነው ተብሎ የተጀመረው ፍተሻ ሰው ፍለጋ ሆነ። ያን ጊዜ ሰፈሩ መሣሪያ አልጎደለውም። የጎደለው ዳኛ ነበር። ከሳሹም፣ ያዡም፣ ፈራጁም ያው ባለጠመንጃው ሆነ። እናቶቻችን የከፈሉትን እናውቃለን። ስለዚህ የመሣሪያ ሕግ ለአገሪቱ አንድ መሆኑን አልቃወምም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ልክ ነው። የምቃወመው ሕጉ በአንድ ሰፈር ላይ ለአንዱ ሰም ለሌላው ወርቅ ሲሆን የሚጠየቅበት ቦታ መጥፋቱን ነው።

ለካዛንቺስ ደግሞ ጉዳዩ ከሌላው ጊዜ የበለጠ የሚያጣድፍበት ምክንያት አለ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። እነዚያ ቤቶችና በዙሪያቸው የተቀለሱት ጎጆዎች በጊዜ ብዛት መንደር ሆኑ። በመንደር ውስጥ ማን ምን እንዳለው ይታወቃል። ‹‹የእገሌ ልጅ ጠጥቷል፣ ያቺን ነገር ቀሙት›› የሚል ሽማግሌ አለ። እድር አለ። ‹‹ተው ልጄ›› የምትል እማማ አለች። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ብዙው መንደር ፈረሰ፤ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ ደመቀ፤ እሰየው። ግን ‹‹ተው ልጄ›› የምትለዋ እማማ የለችም። በሰፊው መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጎረቤት የለም። ጎረቤት ይሠራው የነበረውን ሥራ እንግዲህ የሚሠራው ሕግ ብቻ ነው። ሕጉ ደግሞ ሽጉጡን የያዘውን ሳይሆን ቦርሳ የያዘውን ብቻ የሚፈትሽ ከሆነ ሕግ አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የማይቻል ነገር አልጠይቅም።

አንደኛ፣ የአዲስ አበባ ምክር ቤት በስብሰባው አጀንዳ ይዞ፣ በግልጽ ይጠይቅ። በጥቅምት 2014 የተመዘገበው መሣሪያ በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደር፣ ለዘመድና ለወዳጅ የተላለፈውም በምን ሁኔታ እንዳለ ሪፖርት ይቅረብለት። ሪፖርቱ የሰው ስም አያስፈልገውም፤ በየክፍለ ከተማው ስንት ፈቃድ እንዳለ ቁጥሩ ይበቃናል። የቂርቆስ ነዋሪ በሰፈሩ ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ ማወቅ ከተፈቀደለት፣ ስንት ሽጉጥ እንዳለ ማወቅ ለምን ምስጢር ይሆንበታል?

ሁለተኛ፣ ተራ ለብሶ የሚታጠቅ ሰው ሁሉ፣ የመንግሥት ሰው ነኝ ባይም ጭምር፣ በበር ላይ ፈቃዱንና መታወቂያውን የማሳየት ግዴታ ይኑርበት፤ የጠየቀው ፈታሽም በሕግ ይጠበቅ። እውነተኛ የጸጥታ ሰው ይህን አይፈራም። የሚፈራው አስመሳዩ ነው።

ሦስተኛ፣ ከተማውና ፌዴራሉ በመሣሪያ ሥልጣን የማይግባቡበት ነገር ሲኖር በስልክና በደብዳቤ ከማድበስበስ ይልቅ ወደ አጣሪ ጉባኤው ይውሰዱት፤ ክርክሩም እንደ 2012ቱ በሕዝብ ፊት ይሁን። ‹‹ከተማው የፌዴራሉ ልጅ ነው፣ ልጅ አባቱን አይከስም›› የሚል ካለ፣ በአሜሪካም ከተማ የግዛቱ ልጅ ነው ይባላል፤ ልጆቹ ግን ተሰብስበው አባታቸውን ችሎት አቁመዋል። አባትየው አሸነፈ እንጂ አልሞተም።

አራተኛ፣ ነዋሪውም አይቀመጥ። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። በሽጉጥ የተፈራራ፣ የተዘረፈ፣ ‹‹ማን መሰልኩህ!›› ተብሎ ጃኬት የተገለጠለት ሰው ካዛንቺስ ውስጥ ሞልቷል። ብዙው ‹‹ከማን ጋር ልሟገት?›› ብሎ ቤቱ ይገባል። ጠበቆቻችን አንዱን እንኳ ይዘው እስከ መጨረሻው ቢሄዱ፣ ቢረቱ እንኳ ለቀጣዩ ሰው መንገድ ይጠርጋሉ።

‹‹ችሎት ቀርፋፋ ነው፣ ጥይት ግን ፈጣን ነው›› ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ለዚህ እኮ ነው አስቀድሞ መሟገት ያስፈለገው። ጥይቱ ከወጣ በኋላ የሚከፈት ፋይል የሬሳ ፋይል ነው።

ደግሞስ ችሎትን ከአሜሪካ መዋስ ያስፈልገናል? የኛ ሰው ድሮ ‹‹በሕግ አምላክ!›› ሲባል ባለበት የሚቆም ነበር። ተጣልተው ጎራዴ የመዘዙ ሰዎች አንዲት ባልቴት ከዳር ሆና ይህችን ቃል ስትጮህ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው፣ መንገደኛውን ‹‹ዳኛ ሁነን›› ብለው አስቁመው፣ ዛፍ ጥላ ሥር ይሟገቱ ነበር። መንገደኛውም ጉዞውን ትቶ ይሰማቸው ነበር። አገሩ በሙሉ ጠመንጃ የታጠቀ ነበር፤ ግን ከጠመንጃው በላይ የሚፈራ አንድ ቃል ነበረው።

ዛሬ ያ ቃል የት ሄደ? ሽጉጥ ለታጠቀው ሰውዬ ‹‹በሕግ አምላክ›› ብንለው ይቆማል? የሚያቆመው የቃሉ ድምፅ አይደለም፤ ከቃሉ በኋላ ዳኛ እንዳለ ማወቁ ነው። የከተማችን ምክር ቤት አባላት ሆይ፣ መጀመሪያ እናንተ ይህችን ቃል በሉልን። ፌዴራሉን በሕግ አምላክ በሉት። ራሳችሁም ስትባሉ ቁሙ። ያን ጊዜ በሩ ላይ የቆመው ፈታሽ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ እኛም እጃችንን ዘርግተን ስንፈተሽ ቅር አይለንም።

እስከዚያው ቸር ያሰማን።